አቼቶ፣ ሲትሪክ አሲድ ወይስ ሎሚ? የተክል ውሃ ፒኤች ማውረጃዎች ሲመዘኑ

ጋርዲኒያ ወይም አዛሊያ ለጋ ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሲቀር፣ ብዙ ጊዜ ብረት ከአፈሩ ጠፍቶ አይደለም። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ቁጥር፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ከፍ ስላለ ሥሯ ብረቱን መውሰድ አቅቶት ነው። ያን ጊዜ ከወጥ ቤት የሚነሱት አቼቶ፣ የሲትሪክ አሲድ ዱቄትና የሎሚ ጭማቂ ናቸው። ሦስቱም ፒኤች ያወርዳሉ፤ ደረጃቸው ግን የተራራቀ ነው።

መጀመሪያ ውሃውን ማወቅ ይገባል። አሲዱን ውጦ የሚያስቀረው በውሃው ውስጥ የሟሟው ቢካርቦኔት ነው። 1 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ አቼቶ 1 ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ ቢገባ ፒኤቹን ወደ 4 ይጥለዋል፤ ለሥር አደገኛ ነው። ያው 1 ሚሊ ሊትር የካርቦኔት ጥንካሬው (የዚሁ ቢካርቦኔት ልክ) 150 ሚሊ ግራም በሊትር የሆነ ውሃ ውስጥ ቢገባ ግን ፒኤቹ ከ7 እምብዛም አይርቅም። ስለዚህ «ለሊትር ይህን ያህል ጠብታ» የሚለውን ምክር አትመኑት፤ የእናንተን ውሃ ሳያይ የተሰጠ ነው። ለዓሣ ገንዳ የሚሸጠው የካርቦኔት መለኪያ ለዚህ ይበቃል፤ ውጤቱን በጀርመን ዲግሪ (dKH) ካሳየ፣ ሚሊ ግራም በሊትር ለማግኘት በ17.9 አባዙት።

ጥቂት ተክል ላለው ሰው የምንመርጠው ነጭ አቼቶ ነው። ፈሳሽ ስለሆነ በሲሪንጅ ይለካል፣ ጥንካሬውም ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። 1 ሊትር ውሃ በፕላስቲክ ዕቃ ቅዱ፤ 0.5 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፣ አማስሉ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቁና ለኩ። 6 አካባቢ ሲደርስ አቁሙ፤ ከ5.5 በታች አታውርዱት። ከላይ ለጠቀስነው የ150 ውሃ 2.5 ሚሊ ሊትር ገደማ ይፈጃል። የገባውን ጠቅላላ መጠን በምታጠጡት ሊትር ልክ አባዙት። የፖም ወይም ቅመም የገባበት አቼቶ አይሁን፤ ስኳርና ጨው ይዞ ይመጣል። ድካሙ አለመዝለቁ ነው፤ ረቂቅ ተሕዋስያን አሲዱን በቀናት ውስጥ ስለሚበሉት ፒኤቹ ተመልሶ ይወጣል። በዕለቱ በጥብጣችሁ በዕለቱ አጠጡ።

ሲትሪክ አሲድ ሽታ የለውም፣ ብዙ መትከያ ላለውም ይመቻል። ችግሩ ሚዛን ላይ ነው፤ ለዚያው ውሃ 10 ሊትር የሚያስፈልገው 1.8 ግራም ብቻ ስለሆነ የወጥ ቤት ሚዛን ይስታል። መፍትሔው 50 ግራም ዱቄት አሟሙቶ በውሃ እስከ 500 ሚሊ ሊትር መሙላት ነው፤ ያኔ 1 ሚሊ ሊትሩ 0.1 ግራም ይይዛል፣ ለ10 ሊትርም 18 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ብጥብጡን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ ከደፈረሰ ወይም ዝልግልግ ነገር ካወጣ ድፉት።

የሎሚ ጭማቂን ለዚህ ሥራ አንመክረውም። አንዱ ሎሚ እንደ ሌላው አይኮመጥም፣ ስለዚህ ልኬቱ በየጊዜው ይለያያል። ስኳሩና ሥጋው አፈሩ ላይ ሻጋታና ጥቃቅን ዝንብ ይጠራል።

የመኪና ባትሪ አሲድን ጨርሶ አትንኩ፤ ያቃጥላል፣ ያገለገለው ደግሞ እርሳስ አለበት። አቼቶም ሆነ ሲትሪክ አሲድ በረኪና በነካው ዕቃ ውስጥ አይበጥበጥ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የዚንክ ባልዲም አይሁን፤ አሲዱ ዚንኩን ያሟሟዋል።

መለኪያው ከተሳሳተ ሁሉም ይበላሻል። ኤሌክትሮኒክ መለኪያን በ7 እና በ4 መሞከሪያ ፈሳሽ አስተካክሉት፤ ጫፉ ከደረቀ የሐሰት ቁጥር ይሰጣል። በአንድ ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚለይ የፒኤች ወረቀት ለዚህ አይሆንም።

የውሃው የካርቦኔት ጥንካሬ ከ300 ሚሊ ግራም በሊትር ካለፈ አሲድ ከመቆለል ይልቅ ውሃውን ከዝናብ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ማደባለቅ ይሻላል፤ አሲድ ካልሲየሙን አያስወግደውምና ነጩ ቅርፊት በአፈሩ ላይ መከማቸቱን አይተውም። አፈሩ ውስጥ ኖራ ወይም የእንቁላል ቅርፊት ካለ ደግሞ የምታጠጡትን አሲድ እሱ ይጨርሰዋል፤ ያን ጊዜ የሚቀየረው አፈሩ ነው።