ለፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሌሊት ተረኞች የቀረበ ምስጋና

በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አባቴን ተቀብለው ያከሙትን የሌሊት ተረኛ ሐኪምና ነርሶች በመላው ቤተሰባችን ስም አመሰግናለሁ። ምስጋናዬ ስለ ሕክምናው ብቻ አይደለም፤ በቆዳ ኢንፌክሽን ከመጡት ሕሙማን ማን ተኝቶ መታከም እንዳለበት፣ ማንስ ወደ ቤቱ መመለስ እንደሚችል የወሰኑበትን ምክንያት ለእኛ ለአስታማሚዎች በትዕግሥት ስላስረዱንም ነው።

አባቴ ዘጌ ቡና ሲለቅሙ ቁርጭምጭሚታቸውን እንጨት ወግቷቸው እግራቸው ቀልቶ ነበር፤ ለዓይን ግን ያን ያህል አያስደነግጥም። አጠገባችን የነበረው ወጣት ጭኑ ላይ መግል የቋጠረ ትልቅ እባጭ ስለነበረበት ያየው ሁሉ የሚተኛው እርሱ ነው ብሎ ነበር። ሆኖም ትኩሳት የለውም፤ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ደህና ነው፤ ሌላ ሕመምም የለበትም። ስለዚህ እባጩ ተከፍቶ መግሉ ከወጣለት በኋላ ቀጠሮ ተሰጥቶት ተሸኘ። አባቴ ግን የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ የታዘዘላቸውን ክኒን ከ48 ሰዓት በላይ ቢወስዱም መቅላቱ ወደ ላይ መውጣቱን አላቆመም፤ ትኩሳታቸው ከ38 ዲግሪ፣ የልብ ምታቸውም በደቂቃ ከ90 በልጦ ተገኘ። ሐኪሙ ትኩሳቱን በእግሩ ብቻ ሳያሳብቡ (የጣና ዳር ሰዎች ነንና) የወባ ምርመራ ጭምር አዝዘው፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ስለሚያስፈልጋቸው እንዲተኙ ወሰኑ።

በተለይ የወደድሁት፣ ነርሷ የመቅላቱን ዳር በእስክሪፕቶ አስምረው ሰዓቱን ከጎኑ መጻፋቸውን ነው፤ በመጀመሪያው ቀን መስመሩን ጥቂት ቢያልፍ እንዳንደናገጥም ነገሩን። ሐኪሙ ደግሞ ሕመሙ ከሚታየው ቁስል እጅግ የበረታ፣ ቆዳው የጠቆረ ወይም ውኃ የቋጠረ፣ ሲነካም ከሥሩ አየር ያለ ይመስል የሚንኮሻኮሽ ከሆነ፣ ሥጋን በፍጥነት የሚያበላሽ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና እንደሚሻና እስኪነጋ እንኳ መጠበቅ እንደማይገባ ደጋግመው አሳሰቡን።

አባቴ አሁን ድነው ቤታቸው ገብተዋል። ተመሳሳይ ሕመም የገጠመው፣ ይልቁንም ስኳር ያለበት ወይም እግሩ በዝሆኔ ያበጠ ሰው ሳይዘገይ ወደዚህ ክፍል እንዲሄድ እጠቁማለሁ። ሲሄድም እስካሁን የወሰደውን መድኃኒት ከነማሸጊያው ይያዝ፤ እኛንም አስቀድመው የጠየቁን እርሱን ነበር።