ለዓሣ ቆጠራ የገዛሁት መነጽር

ባሌ፣ ዲንሾ ሄጄ ወይብ ወንዝ ላይ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ልቆጥር ስለነበር፣ ፖላራይዝድ (የውሃ ላይ ነጸብራቅ የሚቀንስ) መነጽር ፍለጋ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በእግሬ ዞርኩ። ዓሣ ለመቁጠር መነጽር ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። ሴቷ ትራውት ጠጠሩን በጅራቷ ትጠርግና እንቁላሏን ጥላ መልሳ ትሸፍነዋለች። የተጠረገው ቦታ ከዙሪያው ነጣ ብሎ ይታያል፤ ስንቶቹ እንደወለዱ የምንገምተው እሱን ቆጥረን ነው። ፀሐይ ውሃው ላይ ካንጸባረቀ ግን የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። (በነገራችን ላይ ትራውት የኛ አይደለም፣ በንጉሡ ዘመን ከኬንያ የመጣ እንግዳ ነው።)

መጀመሪያ መንገድ ላይ በ400 ብር ገዛሁ። ልጁ «ኦርጅናል ነው ብራዘር» አለኝ፤ አመንኩት፣ ተበላሁ። ተራ ጥቁር ፕላስቲክ!

ሁለተኛውን ያገኘሁት ፒያሳ አንዲት ጠባብ መነጽር ቤት ነው። ሽማግሌው ብዙ አላወሩም። ካልኩሌተራቸውን አውጥተው «በመነጽሩ እያየህ ቀስ ብለህ አዙረው ልጄ» አሉኝ። ሳዞረው የካልኩሌተሩ መስኮት ጠቁሮ ቁጥሮቹ ጠፉ። «ካልጠፋ አትግዛ» አሉኝ። 1,900 ብለው 100 ብር ቀነሱልኝ።

ወንዙ ላይ አላሳፈረኝም፣ ድንጋዩ ሥር የቆመችዋን ዓሣ ሳይቀር ከነነጠብጣቧ አየኋት። ችግሩ ጆሮ ላይ ይጨምቃል፣ በዚያ ላይ በባሌ የጠዋት ብርድ ጉም ይይዘዋል፤ ግማሽ ቀን ስጠርግ ነው የዋልኩት። መያዣ ቦርሳም የለውም፣ በካልሲ ጠቅልዬ ነው የያዝኩት።