አስተርጓሚ ወይስ የግርጌ ጽሑፍ?

የቴሌቪዥን ዜና መስማት ለተሳናቸው እንዲደርስ የቱ ይሻላል? በጉልምስና ዕድሜው መስማት ላቆመ፣ አማርኛ አቀላጥፎ ለሚያነብ ሰው ጽሑፍ ፍቱን ነው። መስማት ተስኖት ላደገ ግን አማርኛ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። አፉን የፈታበት የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው አለው። ስም በጣት ፊደል ሲጻፍ እንኳ የእጁ ቅርፅ ፊደሉን ያሳያል፤ እንቅስቃሴው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን 7 ድምፆች ይለያል። ፊትም ይናገራል። ቅንድቡ በደንብ ካልታየ ጥያቄ ይሁን ተራ ንግግር መለየት ይከብዳል። ታዲያ አስተርጓሚውን ጥግ ላይ ቴምብር በምታህል ሳጥን መወሸቅ ምን የሚሉት ነው? ለእኔ፣ ለዜና አስተርጓሚ ይቅደም፤ ሳጥኑም ይስፋ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ለሚለቀቅ አጭር ቪዲዮ ግን ጽሑፍ ወጪው ቀላል ነው፤ ዛሬውኑ ይጀመር።