የሜሊየስ የጨረቃ ጉዞ በብሉሬይ፦ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት

ዲስኩ ካዘዝኩት ሶስት ሳምንት ቆይቶ ነው የደረሰኝ፣ እሱም ካርቶኑ ተጨፍልቆ ማቀፊያው ተሰነጣጥቆ፣ ለሱቁ ፎቶ አንስቼ ስልክላቸው "ዲስኩ ይሰራል አይደል?" ብለው ዝም። ይሰራል፣ አልዋሽም።

ፊልሙ ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜሊየስ በፈረንጆቹ 1902 የሰራው ድምፅ አልባ ፊልም ነው፣ ባለቀለሙም ጥቁርና ነጩም አብረው አሉ። ሩብ ሰዓት አካባቢ ለሆነች ነገር ይሄን ሁሉ ገንዘብ? ብዬ ነበር እኔም።

ደግሞ መጀመሪያ ላይ ደብሮኝ ነበር። ካሜራው ንቅንቅ አይልም፣ ሰው ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ይታያል፣ ከኋላው ያለው የተቀባ ሸራ ነው፣ በቃ ቲያትር ቤት መሀል ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ። ጨረቃዋ እየቀረበች ስትመጣ እንኳን ካሜራው አይደለም የሄደው፣ እሷን ነው ወደሱ ያስጠጓት። በኋላ ሳስበው ግን ሰውየው ፊልም ከመጀመሩ በፊት ፓሪስ ላይ የራሱ ቲያትር ያለው ምትሃተኛ ነበርና ካሜራው ባለበት ካልጸና ምትሃቱ አይሰራም። ቀረጻውን ያቆማል፣ ዕቃውን ወይ ሰውየውን ይቀይራል፣ ይቀጥላል፣ ከዛ ፊልሙን ቆርጦ ይቀጥለዋል። መጀመሪያ አካባቢ ስለ ጨረቃ ጉዞው የተሰበሰቡት ሊቃውንት የያዙት ቴሌስኮፕ በርጩማ የሚሆንበትን ቦታ ፍሬም በፍሬም እያስኬድኩ አየሁት፣ በአይን ጥቅሻ ነው የሚያልፈው። ጨረቃ ላይ የተተከለው ጃንጥላ እንጉዳይ ሆኖ ሲያድግማ ሲጂአይ (በኮምፒውተር የሚሰራ ምስል) ምን ያደርጋል ያስብላል።

ቀለሙ በእጅ የተቀባ ነው፣ እያንዳንዷ ፍሬም በብሩሽ፤ የሜሊየስን ፊልሞች ፓሪስ በማዳም ቱሊዬ ወርክሾፕ ሴቶች ቁጭ ብለው ይቀቡ ነበር፣ ይሄን ኮፒ እነሱ ይቅቡት አይቅቡት ግን አይታወቅም። የዲስኩ ኮፒ በ1993 ባርሴሎና የተገኘው ነው፣ ጥገናው ያለቀው በ2011፣ መንኮራኩሩ ሲተኮስ የሚውለበለበው ባንዲራ የስፔን ቀይና ቢጫ ነው፣ ኮፒው ለስፔን ተመልካች የተቀባ ሳይሆን አይቀርም። ቀለሙ አንዳንዴ ከመስመሩ ወጣ ይላል፣ እኔ እንደውም እሱን ነው የወደድኩት። ይሄ ሰው ከ500 በላይ ፊልም ሰርቶ በ1923 ተናዶ ኔጋቲቮቹን (ኮፒ የሚወጣባቸውን ዋና ፊልሞች) አቃጥሏቸዋል፣ ኋላም ሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ አሻንጉሊት ይሸጥ ነበር፣ እኮ እንዴት አያናድድ።

ባለቀለሙ ላይ የተጫነው አዲስ ሙዚቃ ግን አልተመቸኝም፣ ዘመናዊ ክሊፕ አስመሰለው። ፊልሙ መጀመሪያም በመሀል የሚነበብ ጽሁፍ የለውም፣ ድምፁን ብታጠፉት ምንም አያመልጣችሁም። ከ5 አራት፣ አንዷን የቀነስኩት ለተሰነጠቀው ማቀፊያ ሳይሆን ለሙዚቃው ነው።