ሰማያዊ ክሌማቲስ እያሉ ኦንላይን የሚሸጡትን እንዳትገዙ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን የምጽፈው በተለይ እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቤት ገዝታችሁ ጓሮአችሁን አበባ ማልበስ ለጀመራችሁ ነው። ሰሞኑን ስልኬ ላይ እየተመላለሰ የሚመጣ ማስታወቂያ አለ፣ ሰሃን የሚያክል ደማቅ ሰማያዊ አበባ አጥሩን ከላይ እስከ ታች ሸፍኖት "ሰመሩን ሙሉ የሚያብብ ክሌማቲስ፣ 3 ችግኝ በ72 ዶላር" ይላል። ክሌማቲስ ማለት አጥር ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ የአበባ ሐረግ ነው። እባካችሁ እንዳትገዙት፣ እኔ ከሁለት ዓመት በፊት ገዝቼው ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሳጥኑን ስከፍተው በፕላስቲክ የተጠቀለሉ 3 ነገሮች ወጡ፣ እያንዳንዱ እንደ ክር የቀጠነ አንድ ግንድ፣ ሥሩ ሦስት አራት ጥቁር ፈትል፣ አፈር የሚባል የለውም። ወረቀቱ ላይም "ሰማያዊ ክሌማቲስ" ከማለት ውጪ የዝርያ ስም አልተጻፈም። ያኔውኑ መመለስ ነበረብኝ፣ ግን ፎቶው ልቤን ወስዶት ስለነበር ተከልኩት።

እንክብካቤውን ደሞ አላጓደልኩም። ጉድጓዱን በደንብ ቆፍሬ ኮምፖስት ጨምሬ፣ ግንዱ ከ5 እስከ 7 ሳንቲሜትር አፈር ውስጥ እንዲገባ ጠለቅ አድርጌ (ላዩ ቢደርቅ እንኳን ከስር እንዲያቆጠቁጥ ነው)፣ ክሌማቲስ ሥሩ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አናቱ ደሞ ፀሐይ ስለሚፈልግ እግሩ ስር ሆስታ የሚባል ሰፋፊ ቅጠል ያለው ተክል ተክዬለት፣ የሚጠመጠመው ደሞ በቅጠሉ እጀታ ስለሆነና ወፍራም እንጨት መያዝ ስለማይችል አጥሩ ላይ ቀጭን ሽቦ ወጥሬ፣ ዝናብ በጠፋ ሳምንት ሁሉ ውሃ ሳላቋርጥ ነው የያዝኩት። አንዱ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ደረቀ። ሁለቱ በሁለተኛው ዓመት አጥሩን አልፈው የጎረቤት ዛፍ ላይ ወጡ። ጁን አለፈ አበባ የለም፣ ጁላይ አለፈ የለም፣ ኦገስት መጨረሻ ላይ አበበ፣ ነጭ፣ 4 የአበባ ቅጠል ያላት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል አበባ፣ በሺህ የሚቆጠር።

እማዬ ያኔ ከደብረ ማርቆስ መጥታ እኔ ጋ ነበረች። ጠጋ ብላ አንዷን ቀንበጥ ገልበጥ አድርጋ አየቻትና "ይሄ አዞ ሐረግ አይደል እንዴ ልጄ? ውሃው ቆዳ ይልጣል፣ እጅሽን ታጠቢ" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የኛው አዞ ሐረግም የክሌማቲስ ዘር ነው። አጥሬ ላይ ያለው ግን ከእስያ የመጣው ስዊት ኦተም ክሌማቲስ የሚሉት ነው፣ በቅጠሉ ነው የሚለየው፣ የዚህ አገር ተወላጅ የሆነው ነጭ ክሌማቲስ የቅጠሉ ጠርዝ ጥርስ ጥርስ አለው፣ የዚህኛው ግን ልሙጥ ነው። ሽታው ደስ ይላል፣ ግን ፍሬው ላባ የመሰለ ጭራ ስላለው ነፋስ ይዞት ይሄዳል፣ እዚህ አካባቢ ጫካ ከሚወሩት መጤ ሐረጎች አንዱ ነው። እኔ ገንዘቤን ከፍዬ ለጎረቤቴ አረም ዘራሁበት ማለት ነው፣ እሱ ነው በጣም ያናደደኝ።

ሻጩን ስጠይቅ "መመለሻው 30 ቀን ነው" ብሎ ዘጋኝ። ክሬዲት ካርድ ላይም ብትከራከሩ የሕጉ ጊዜ ስቴትመንቱ ከመጣ 60 ቀን ነው። አያችሁ፣ ሰዎቹ የሚተማመኑት በዚህ ነው፣ የአበባው ቀለም የሚታወቀው ሁሉም ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ አበባውን አትጠብቁ፣ የመጣላችሁ ዕቃ ስም የሌለው ክር ከሆነ የዛኑ ቀን ፎቶ አንሱና ብራችሁን ጠይቁ።

የዘር ፓኬት የሚሸጡትማ የባሰ ነው፣ ባለብዙ ቀለም የሚሉት። ትልልቅ አበባ ያላቸው ክሌማቲሶች ድቅል ስለሆኑ ከዘር እናታቸውን መስለው አይወጡም፣ የሚራቡት ቀንበጥ ተቆርጦ ነው፣ ዘሩ ራሱ ለመብቀል ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል።

በእውነት ሰመር ላይ የሚያብብ ከፈለጋችሁ ጃክማኒ የሚባለውን በስሙ ጠይቁ፣ እንግሊዝ አገር በ1858 የተዳቀለ ነው፣ እስካሁንም የታመነ ነው፣ ቀለሙ ግን ደማቅ ወይን ጠጅ እንጂ እንደ ፎቶው ሰማያዊ አይደለም። ከሰፈር ችግኝ ቤት ሄዳችሁ በዓይናችሁ አይታችሁ ግዙ፣ ባለ 1 ጋሎን ፖት፣ ቢያንስ ሁለት ግንድ ያለው፣ ፖቱን ገልብጣችሁ ስታዩት ሥሩ ነጣ ብሎ አፈሩን የያዘ። መለያው ላይ የመግረዣ ግሩፕ 3 የሚል መኖር አለበት፣ ይሄ በአዲስ ቀንበጥ ላይ ነው የሚያብበው፣ ስለዚህ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ወይ ማርች ላይ ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ያህል አስቀርታችሁ ካበጠ ጥንድ ቡቃያ በላይ ትቆርጡታላችሁ። ሻጩ ግሩፑን ስትጠይቁት ካላወቀ ትታችሁት ሂዱ።

እንደኔ ነጩን የተከላችሁ ካላችሁ ደሞ አበባው ወደ ፍሬ ሳይቀየር አሁኑኑ ቁረጡት፣ ሥሩ ከቀረ ተመልሶ ይመጣል። እኔ አንዱን ባለፈው ቅዳሜ ነቅያለሁ፣ ሁለተኛውን የፊታችን ቅዳሜ ነው የምነቅለው፣ ጓንት አድርጌ።