«አዲስ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ባትሪ፦ ቮልስ ያላችሁ ሁሉ ተጠንቀቁ

ቮልስ፣ ፊያት 124፣ ፔጆ 404 ወይም ሌላ አሮጌ መኪና የምትነዱ ወገኖቼ፣ በዚህ ሰሞን ባትሪ ለመግዛት አስባችሁ ከሆነ ይህን ሳታነቡ ከቤት አትውጡ። የምጽፈው ገንዘቤን ስለተበላሁ ብቻ አይደለም። አክስቴ የተቀመጡበት ወንበር ከሥራቸው ሊነድ ነበር።

መኪናዬ ከአባቴ የወረስኩት ቮልስ 1300 ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1971 ስሪት። ያለፈውን ክረምት ከከተማ ውጭ ስለነበርኩ ሁለት ወር ተኩል ሳይነሣ ቆመ። መስከረም ላይ ቁልፉን ሳዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው ሞተሪኖ አንዴ ቀጭ አለና ዝም አለ። ባትሪው ስድስት ዓመት አገልግሎ ስለነበር ጊዜው ደርሷል ብዬ ፈታሁትና ተሸክሜው መርካቶ ወረድኩ። የገባሁበትን ሱቅ ስም አልጠራም። እንዲህ ያለው ሱቅ አንድ ብቻ አይደለም፤ የሚጠቅማችሁ ዘዴውን ማወቃችሁ ነው።

ሻጩ «ጌታዬ፣ ይህ ገና ትናንት ከኮንቴይነር የወረደ ነው» አለኝ። ዋጋው አሮጌውን ትቼ ከሄድኩ ሌሎች ሱቆች ከጠሩልኝ በሲሶ ያነሰ ነበር። ማመንታቴን ሲያይ ቴስተር፣ የቮልት መለኪያውን፣ አምጥቶ ለካልኝ፦ 12.7 ቮልት። ቀጥሎ ክዳኖቹን ከፍቶ የአሲድ መለኪያውን፣ ያችን ጫፏ ላይ የጎማ ኳስ ያላት የመስታወት ቱቦ፣ አስገብቶ ሳበ። ተንሳፋፊዋ አረንጓዴው ላይ፣ 1280 ላይ ቆመች። በስድስቱም ክፍል እኩል። በዓይኔ ያየሁትን እንዴት ልጠራጠር? ከፈልኩ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ባትሪ 1» ብቻ ነው።

በ19ኛው ቀን ጠዋት መኪናው አልነሣ አለ።

ባትሪውን ይዤ ስመለስ ሻጩ እጁን እንኳ ሳያሳርፍበት «ዲናሞዎ ነው ያቃጠለው» አለኝ፤ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላውን ማለቱ ነው። ይህ መልስ ለአሮጌ መኪና ባለቤት ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ነው። መኪናችን ማርጀቷን ስለምናውቅ ጥፋቱን ወዲያው ወደ ራሳችን እንወስዳለን። እኔም አመንኩት። የመጀመሪያውን ባትሪ ወደ ቤት ይዤ እንድሄድ ከነገረኝ በኋላ «የጭነት መኪና ባትሪ ነው፤ የእርስዎን ዲናሞ ይችላል» ብሎ ሌላ ትልቅ ባትሪ በግማሽ ዋጋ ሸጠልኝ። ረዳቱ ቦታው አስገብቶ ሲያስር የባትሪው ቁመት ስለበለጠ መሸፈኛው አልገጥም አለ። «መሸፈኛው ለጌጥ ነው» ብሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

ቮልስ የነዳ ሰው የሚቀጥለውን ይገምታል። የቮልስ ባትሪ ሞተሩ አጠገብ አይደለም፤ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። የወንበሩ ውስጥ የብረት ሞላ ሲሆን በላዩ ላይ የፈረስ ፀጉርና ቃጫ የመሰለ መሙያ አለ። ሰው ሲቀመጥበት ሞላው ወደ ታች ይወርዳል። የወንበሩ ብረት የመኪናውን አካል ስለሚነካና አካሉ ከኔጌቲቭ ጋር ስለተያያዘ፣ ሞላው ፖዘቲቩን የነካ ዕለት የባትሪው ጉልበት በሙሉ በዚያ ቀጭን ሽቦ ያልፋል። መሸፈኛው የተሠራው ይህ እንዳይሆን ነው።

እሑድ ከለቅሶ ስንመለስ አጎቴ ከፊት፣ አክስቴ ከኋላ በቀኝ በኩል ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ ይህ ወንበር ይሞቃል እኮ» አሉኝ። ፀሐይ መስሎኝ መስኮቱን ክፈቱት አልኳቸው። መንገዱ ላይ ያለውን ጉብታ ስንሻገር ግን ጠጕር ሲቃጠል የሚሸት ሽታ መጣ። ዳር ይዤ አቆምኩ። በቮልስ ከኋላ መውጣት ለአሮጊት ሰው ቀላል አይደለም፤ የፊቱ ወንበር መታጠፍ አለበት። አጎቴ በአንድ እጃቸው፣ እኔ በሌላው ጎትተን አወጣናቸው። ወንበሩን መንጭቄ አስፋልት ላይ ስጥለው ሁለት ሞላዎች እንደ ምድጃ ፍም ቀልተው ነበር፣ መሙያው ውስጥ ውስጡን ይጨሳል። የነጠላቸው ጫፍ ጠቁሯል። ያን ነጠላ እስከ ዛሬ ሳየው እጄ ይንቀጠቀጣል።

በማግሥቱ ሱቁ ሄድኩ። ገና ከመግባቴ መደርደሪያው ላይ አዲስ ተለጣፊ የተለጠፈበት፣ ጥቁር ቀለሙ የሚያበራ ባትሪ ዓይኔን ያዘው። አባቴ ቻርጅ ለማስደረግ የሚተወው ባትሪ እንዳይቀየርበት በኔጌቲቩ ጫፍ ላይ በሞረድ ሁለት መስመር ይጭር ነበር፤ እኔም ይህን ልማድ ይዤ ቀጥያለሁ። ባትሪው ላይ ሁለቱ መስመሮች አሉ። ከአራት ሳምንት በፊት «አሮጌ» ብዬ ትቼው የሄድኩት የራሴ ባትሪ፣ «አዲስ» ሆኖ ይሸጣል።

እንዴት እንደሚሠሩት ያስረዱኝ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመኪና ኤሌክትሪክ የሠሩ አንድ አዛውንት ናቸው። በመጀመሪያ ዲናሞውን ለኩት፦ ሞተሩ ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ከሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ከፍ ብሎ ሲሠራ ባትሪው ላይ 14.1 ቮልት ያደርሳል። ጤነኛ ነው። ከዚያ «አዲስ» ተብሎ የተሸጠልኝን የመጀመሪያውን ባትሪ ሌሊቱን ቻርጅ አድርገው ጠዋት ለኩት፤ እንደገና 12.7፣ እንደገና 1280። ጭነት ሲያሸክሙት፣ ማለትም ብዙ ኤሌክትሪክ ሲስቡበት፣ ግን በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ 7 ቮልት ገባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባትሪ ሲዳከም ከአሲዱ ውስጥ ያለው ሰልፌት በእርሳስ ፕሌቶቹ ላይ ይጋገራል፤ ሳይሞላ ለረጅም ጊዜ ከቆመ ደግሞ ይደርቅና አልለቅም ይላል። የሚቀረው ፈሳሽ ወደ ውሃ የቀረበ ነው፤ የአሲድ መለኪያው ቀይ የሚያሳየው ለዚህ ነው። አታላዩ ያንን ፈሳሽ ደፍቶ ጠንካራ አዲስ አሲድ ይሞላል። መለኪያው የሚለካው አሲዱን እንጂ ፕሌቱን ስላልሆነ አረንጓዴ ይሆናል። ቮልቴጁም እንዲሁ ነው፦ የአንዱ ክፍል ቮልት በግምት የአሲዱ ጥግግት ሲደመር 0.84 ስለሆነ፣ 1.28 ሲሆን (መለኪያው 1280 የሚለው ይህንኑ ነው) 2.12 ይሰጣል፣ በስድስት ሲባዛ 12.7። ሻጩ ሁለት መሣሪያ አሳየኝ፤ ሁለቱም ግን የተናገሩት ስለ አሲዱ ብቻ ነበር። ጢም ብሎ የሞላ፣ ቧንቧው ግን በደለል የተደፈነ በርሜል አስቡ። እንዲያውም ጠንካራው አሲድ የቀረውን ፕሌት እየበላ ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ስለዚህ በቴስተርና በአሲድ መለኪያ ብቻ አትግዙ። ባትሪው ሥራ ላይ መፈተን አለበት። በጭነት የሚፈትን መሣሪያ ያለው ሱቅ ካገኛችሁ መልካም፣ ከሌለ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ባትሪውን ግጠሙት፣ የፊት መብራቱን ለሁለት ደቂቃ አብርታችሁ አጥፉት፤ ይህ ቻርጀር ላይ የነበረ ባትሪ ላይ የሚቀረውን የውሸት ቮልት ያወርዳል። ሞተሩ እንዳይነሣ ለሻማዎቹ ብልጭታ ከሚሰጠው ቦቢና ላይ ኤሌክትሪክ የሚያመጣለትን ሽቦ ንቀሉ። ከዚያ አንድ ሰው ለ15 ሴኮንድ ሞተሪኖውን ሲያዞር ሌላው ቴስተሩን የባትሪው ጫፎች ላይ ይያዝ። ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ይቅርባችሁ። ሻጩ «ይህ አያስፈልግም» ካለ መልሱን አግኝታችኋል። ይህ ሁሉ ሳይጠናቀቅ አሮጌውን ባትሪያችሁን አታስረክቡ። እርሳሱ ዋጋ አለው፣ ቆራሌው ሳይቀር የሚፈልገው ለዚህ ነው፤ በእጃችሁ እስካለ ድረስ መደራደር ትችላላችሁ።

ዓይንም ብዙ ይናገራል። የባትሪው ጫፍ ላይ የገመድ ማሰሪያ ጭረት ካለ፣ ወይም እንደገና የቀለጠ እርሳስ መስሎ ከተድበለበለ፣ አንድ ጊዜ ሠርቷል ማለት ነው። ክዳን ያለው ከሆነ በእጅ ባትሪ እያበራችሁ ውስጡን እዩ፤ በክብሪት ወይም በላይተር ፈጽሞ አይሆንም፣ ከውስጥ የሚወጣው ሃይድሮጅን ይፈነዳል። ፕሌቱ ላይ ነጭ ነገር የተጋገረበት ባትሪ አዲስ አይደለም። ተለጣፊውን አትመኑ፤ ፕላስቲኩ ላይ በሙቀት የታተመውን ቁጥር ፈልጉ፣ ተፍቆም ከሆነ ተዉት።

የመኪናችሁንም ዓይነት እወቁ። በአውሮፓውያን 1967 አካባቢ ከነበረው ለውጥ በፊት የተሠራ ቮልስ ብዙውን ጊዜ 6 ቮልት ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ላንድሮቨሮች ደግሞ አካላቸው ከፖዘቲቭ ጋር የተያያዘ ነው፤ ገልብጦ ያሰረ ሰው አደጋ ይፈጥራል። ለ12 ቮልቱ ቮልስ ፋብሪካው የገጠመለት 36 አምፔር ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን) ነበር፤ እስከ 45 ድረስ ያለው ቁመቱ አጭር ከሆነና ከታች የሚታሰር ከሆነ ይሆናል። ከዚያ በላይ ትልቅ ባትሪ ዲናሞውን አይረዳውም። ከመግዛታችሁ በፊት ከባትሪው ጫፍ እስከ ወንበሩ ሞላ ያለውን ርቀት፣ ሰው ተቀምጦበት ጭምር፣ አስቡ። መሸፈኛው የማይገጥምበት ባትሪ ለቮልስ አይሆንም።

«ውሃ የማይፈልግ» የሚባለውንም አይቼ አላለፍኩም፤ አዛውንቱም ለእኔ መኪና አልመረጡትም። እንዲህ ያሉት ባትሪዎች በደንብ ለመሙላት ብዙውን ጊዜ ከ14.4 ቮልት በላይ ይሻሉ፤ አሮጌ ዲናሞና ቮልቱን የሚቆጣጠርለት ሬጉሌተር ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም፣ በሚኒሞ ላይማ ጭራሽ አይሞላም። በከተማ ትራፊክ ቆሞ የሚውል ቮልስ ባትሪውን በግማሽ እያስቀረ ቀስ በቀስ ይገድለዋል። ክዳን ያለው የድሮው ዓይነት ውሃ ይጨርሳል፣ ግን ይህን ዲናሞ ይለምዳል፣ ውስጡንም ታያላችሁ።

አያያዙ ብዙ አያስቸግርም። በወር አንድ ጊዜ ወንበሩን አንሥታችሁ ፈሳሹ ከፕሌቶቹ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ማለቱን ተመልከቱ፤ ከጎደለ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምሩ። የተፈላ የቧንቧ ውሃ የተጣራ አይደለም፤ ማዕድኑ ውስጡ ይቀራል። ከሱቅ የገዛችሁትን «ውሃ» አስቀድማችሁ በአሲድ መለኪያ ለኩት፤ ከ1000 በላይ ካሳየ ውሃ አይደለም፣ አሲድ ነው። መኪናው ከሳምንታት በላይ የሚቆም ከሆነ ኔጌቲቩን ፍቱ፤ በምትፈቱበት ጊዜ እርሱ ይቅደም፣ ስታስሩ ደግሞ ይከተል። ቻርጅ ስታደርጉ ክዳኖቹን ላላ አድርጋችሁ ከመጠኑ አንድ አሥረኛ በሆነ ፍጥነት ይሁን፤ ለ45ቱ 4.5 አምፔር። ክረምት ላይ እኔ ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። አሲድ ዓይናችሁ ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ውሃ አጥባችሁ ወዲያው ሐኪም ቤት ሂዱ።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። የእኔ ባትሪ የሞተው በ19ኛው ቀን ነው። ፈተናውን በገዛችሁበት ዕለት አድርጉት፤ ደረሰኙ ላይም «አዲስ» የሚለው ቃል፣ የአምፔሩ መጠንና ፕላስቲኩ ላይ የታተመው ቁጥር ይጻፍ። እምቢ ካሉ አትክፈሉ።

አሁን መኪናው ላይ ያለው ክዳን ያለው ባለ 45 ባትሪ ነው፤ መሸፈኛው ገጥሟል፣ ወንበሩም አዲስ መሙያ ተደርጎለታል። በኔጌቲቩ ጫፍ ላይ ሦስት መስመር ጭሬበታለሁ። ሁለት መስመር የተጫረበት፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ባትሪ መርካቶ ውስጥ ካያችሁ ግን አትግዙት። ስድስት ዓመት የሠራ የእኔ ባትሪ ነው።