የማዳበሪያ ድጎማው እኛ ጋ ሲደርስ፦ ዋጋው ጥሩ፣ ዩሪያው ግን ዘገየ

አቃቂን አልፎ ወደ ገላን በሚወስደው በኩል ጤፍ እናርሳለን። ማዳበሪያ የምንገዛው ከቀበሌያችን መሠረታዊ ማኅበር፣ ማለትም ከገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። የዘንድሮውን አገልግሎት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን ብዙ ከተሜ የሚስተው ነገር አለ። ድጎማው በጥሬ ብር አይሰጥም። መንግሥት ከዋጋው ላይ ከፊሉን ይሸፍናል፣ ቀሪውን ገበሬው ይከፍላል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቀርቶ የነበረ ነገር ነው። በ2014 የዓለም ዋጋ ጣራ ሲነካ 15 ቢሊዮን ብር ተመደበለትና ተመለሰ። ማዳበሪያው በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ነው የሚመጣው፤ ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። ያኔ ድጎማው ባይኖር ሠፈራችን ውስጥ ስንቱ ያለ ማዳበሪያ ይዘራ ነበር። ስለዚህ በዋጋው ቅሬታ የለኝም፣ አመሰግናለሁም።

ምዝገባውም ደህና ነው። የልማት ባለሙያዋ በበጋ ቤት ለቤት ዞራ የይዞታ ደብተሩን እያየች መዘገበችን። ብሩን ባንክ አስገብቶ ደረሰኙን ይዞ መሄድ ነው። የከፋቸው የሰው መሬት አርሰው ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር የሚካፈሉት የእኩል አራሾች ናቸው፤ ደብተሩ በባለመሬቱ ስም ስለሆነ እሱን ካልያዙ አይስተናገዱም፣ ባለመሬቱ ደግሞ አንዳንዴ መሀል ከተማ ነው የሚኖረው።

ዋናው ችግር መጋዘኑ ጋ ነው። ስንዘራ የምንጨምረው ኤንፒኤስ፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት ማዳበሪያ፣ በጊዜው ደረሰ። በኋላ የሚበተነው ናይትሮጅን ሰጪው ዩሪያ ግን ዘገየ። ጤፍ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ካልተበተነ ፋይዳው ይቀንሳል፣ የእኛ ጥቁር አፈር ደግሞ ውሃ አቁሮ ስለሚይዝ ናይትሮጅኑ ቶሎ ይባክንበታል፤ ቡቃያው ዓይናችን እያየ ቢጫ ሆነ። አባቴ መጋዘን ያዡን «ልጄ፣ ቁርጡን ንገረኝ» አለው። «አባባ፣ ሰኞ ይገባል ተብለናል» አለ። ሰኞው አለፈ፣ የሚቀጥለውም። ልጁ አልዋሸም፤ ለእሱም በትክክል የነገረው የለም። መጠበቅ ያልቻሉ ጎረቤቶቻችን ከነጋዴ በውድ ገዙ። መንግሥት ያን ሁሉ ብር አውጥቶ ገበሬው ሙሉ ዋጋ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ ከፈለ ማለት ነው። ይሄ ያንገበግበኛል።

ሲመጣም ከታች የተደረደሩት ከረጢቶች ረጥበው ነበር። ዩሪያ እርጥበት ይስባል፤ ውስጡ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ቤት አምጥተን አባቴ በዱላ እየሰባበረ፣ እህቴ ጓሉን በእጇ እያደቀቀች ነው የተበተነው። መጋዘኑ ወለል ላይ ጥቂት እንጨት ቢረበረብ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሚዛኑም አለ። የተቀደደ ከረጢት 50 ኪሎ ነው ተብሎ ይሰጣል። እኛ ይመዘን አልን፣ ተመዘነ፣ ጎደለ፣ ያለ ንትርክ ሞሉልን። ግን ሳይጠይቅ የሚመዘንለት ሰው አላየሁም፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ አፍረው አይጠይቁም።

ማኅበሩ ቢያደርግልን የምለው ብዙ አይደለም። የተገዛበት ዋጋ፣ የመንግሥት ድርሻ፣ የእኛ ድርሻ በር ላይ ይለጠፍ። ሁሉም ስልክ ይዟል፤ ጭነቱ ሲነሳ አንድ መልእክት ይላክልን፣ ሥራ ፈትተን አንመላለስ።

ለምትሄዱ፦ ደረሰኙን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ባዶ ጆንያና ሲባጎ ያዙ፣ ከታችኛው ድርድር አትቀበሉ፣ እያንዳንዱን ከረጢት አስመዝኑ።